መሪውን ማን ያዘው?

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን መካኒኩን ሙሜን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወሬ የሚፈጥር ሰው አይደለም። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም... እጆቹን ነበር የሚያየው።

የሆነው ባለፈው መስከረም ነው። ሐረር፣ ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ጋራዡ ውስጥ። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ።

ሲስተር መቅደስ አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ መኪናዋን እየነዳች ገባች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። መኪናውን በቅርቡ ነው የገዛችው።

«ጋሽ ሙሜ፣ መሪው ላልቶብኛል» አለችው። «ቀጥ አድርጌ ስይዘው ወደ ግራ ይሸሻል። ነገ ደግሞ እማዬን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ድሬዳዋ ላወርዳት ነው።»

ሙሜ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በላላ መሪ መውረድ... ሞትን በእግር ሄዶ መጥራት ነው።

ገብቶ ተቀመጠና መሪውን ወደ ቀኝ ሞከረው።

መሪው ዞረ... ጎማው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ጥቂት ቆይቶ ነው የታዘዘው።

«የሆነ መገጣጠሚያ ተበልቷል። ግቢና መሪውን ያዢልኝ» አላት።

ሞተሩ ጠፍቷል። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል። ሙሜ የእጅ ባትሪውን ይዞ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ከሥር ገባ። በጀርባው ተንጋሎ ጣቱን በመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ አደረገ። የተበላ ከሆነ፣ መሪው ወዲያና ወዲህ ሲል እጅ ሥር ቋ... ቋ ይላል።

«ግራ!»

መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ወደ ግራ ሄደ።

«ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ተመለሰ።

መገጣጠሚያው ጥብቅ ነው። ሌላኛውም ጥብቅ። የመሪውን ሳጥን ነካካ፤ ብሎኖቹ አልላሉም፣ ዘይትም አያፈስም።

ታዲያ ምኑ ነው የላላው?

«በቃ፣ አቁሚ» አለ።

ዘንጉ አላቆመም።

ቀስ ብሎ... ወደ ግራ...

«ሲስተር! አቁሚ አልኩሽ እኮ!»

«ምኑን?»

ድምጿ የመጣው ከላይ አይደለም። ከግቢው በር በኩል ነው።

አንገቱን አዞረ። ነጭ ጫማዋ ከመኪናው ርቆ፣ በሩ ሥር ቆሟል።

«እማዬ ደውላ ወጣሁ እኮ... ‹አንዴ ይጠብቁኝ› ብዬዎት ነበር። አልሰሙኝም?»

«መቼ ነው የወጣሽው?»

«ከሥር እንደገቡ ነዋ። ግራ ቀኝ ማለት ሳይጀምሩ።»

ሙሜ ወደ ዘንጉ ዞሮ ተመለከተ። ታዲያ ‹ግራ› ሲል ወደ ግራ፣ ‹ቀኝ› ሲል ወደ ቀኝ ሲያዞርለት የነበረው...

ከላይ ወንበሩ ሲጥ አለ።

መኪናው በሾፌሩ በኩል ትንሽ ዝቅ አለ... ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ እንደሚሆነው።

«አዑዙ ቢላህ... አዑዙ ቢላህ...»

እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ሸሚዙ ተቀዶ፣ ክርኑ ደምቶ ነው ራሱን መቅደስ አጠገብ ያገኘው። ሁለቱም ቀስ ብለው ተጠግተው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

ማንም የለም።

የሾፌሩ ወንበር ግን ጎድጉዷል። እስፖንጁ ወደ ታች ተጭኗል... አይመለስም።

«ይታይዎታል?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

ሙሜ ያኔ ገባው። ብረቱ አልላላም። ሌላ እጅ መሪውን አብሮ ይዞ፣ ዘግይቶ ነው የሚለቀው።

«በዚህ መኪና አትሄጂም።»

«እማዬስ? ቀጠሮዋ ካለፈ ዓይኗ...»

«በሚኒባስ ውሰጃቸው። ወላሂ፣ እኔው ራሴ ሸዋ በር መጥቼ አሳፍራችኋለሁ።»

«መኪናውስ?»

«ማንም እንዳይነዳው አደርገዋለሁ።»

ከክፉ ይጠብቃል የሚባለውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲይን እየቀራ በሩን ከፈተ። ሳይቀመጥ፣ ከውጭ ተንጠራርቶ የመሪውን ማሰሪያ ብሎን ፈታና መሪውን ሳበው። እምቢ አለ። በሁለት እጁ ሳበው... ከወዲያ የሚስብ አለ። መሪው ውስጥ ሙቀት ተሰማው፤ አሁን የተጨበጠ እጅ ዓይነት ሙቀት።

ከዚያ በድንገት ለቀቀለት።

ሙሜ መሪውን ይዞ ግቢውን አቋረጠና በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«አበቃ» አላት።

በማግስቱ ቃሉን ጠብቆ እናትና ልጅን አሳፈራቸው። እናትየው ታክመው ዓይናቸው በራ፤ አልሐምዱሊላህ። ጋራዡ ግን እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

ምክንያቱም መሪው የተሰቀለ ዕለት ከግቢው ሊወጡ ሲሉ፣ መቅደስ ክንዱን ያዘችው።

«ጋሽ ሙሜ... ግድግዳውን ይዩት።»

የተሰቀለው መሪ ሚስማሩ ላይ እየዞረ ነበር። ቀስ ብሎ... ወደ ግራ...

ከግቢው ማዶ የመኪናው የፊት ጎማዎች ጠጠሩን እየፈጩ አብረውት ዞሩ።

እነሱ ወደ ቆሙበት በር።