ሰም የነጠበበት ገጽ

ኢንስፔክተር አማከለች ሞላሌ ከተማ የደረሰችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከመሐል ሜዳ ጀምሮ የኅዳር ውርጭ በመኪናው ስንጥቅ ሁሉ ሲገባባት ስለመጣ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። ሳጅን ተገኘ አዳራሹ በር ላይ ጠበቃትና ሰላምታውንና ሪፖርቱን ባንድ ትንፋሽ አቀረበ።

«ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። ቄሰ ገበዝ ወልደ ጻድቅን የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው። ክፍሉን ከውስጥ ቆልፈው፣ ምድጃ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በዚያው አሸለቡ። ብርዱ በየዓመቱ ሰው ይወስድብናል፤ ያውቁት የለ።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። «ፈረንጆች ስላሉ ነው።»

እውነቱን ነው፤ አዳራሹ በፈረንጅ ተሞልቷል። አሥራ አንድ ጠረጴዛዎች ተደርድረው ከበላያቸው «መረጃህ በቤትህ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። መረጃቸውን ከባሕር ማዶ ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ለማውጣት የተነሡ የአውሮፓ ኩባንያዎች፣ ዲጂታል ሉዓላዊነት የሚሉትን የቴክኖሎጂ ንግድ ትርኢት በየአገሩ ሲያዞሩ ዘንድሮ ሞላሌ ደርሰዋል። ለምን ሞላሌ? ሰው ሁሉ የጠየቀው ነው። አንደኛ፣ የጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድ ባለሣሩ ሕዝብ ራሱ የሚወስንበት ደንብ አስቀንቷቸዋል። ሁለተኛ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጎብኚዎች አንሥተው የወሰዷቸው የደብሩ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች ወደ ባለቤታቸው የሚመለሱት እዚህ ነው፤ ሁሉም ሰርቨር በሚባል አንድ የኮምፒውተር ሳጥን ተጭነው መጥተዋል። የደብሩ ሽማግሌዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊያዩአቸው ተቀጣጥረዋል። ቄሰ ገበዙ ያንን ሰርቨር ሲጠብቁ ነው የሞቱት።

አማከለች ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ የድንጋይ ክፍል ስትገባ ሙቀት ፊቷ ላይ መጣ። ጓንቷን አወለቀች።

«እሰይ! ሞላሌ ውስጥ እንዲህ የሚሞቅ ቤት አለ እንዴ?»

«ማሽኑ ነው የሚያሞቀው» አለች ጥግ ላይ የቆመችው ወጣት። ትሕትና ትባላለች፤ የሞላሌ ልጅ ናት፤ ሰርቨሩን የተከለችውም የምትጠብቀውም እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

ቄሰ ገበዙ አግዳሚው ላይ ተጋድመዋል። አማከለች ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ የከንፈራቸው ውስጥ በጥርሳቸው ተቀዷል። ነጩ ጢማቸው ላይ ሁለት ሦስት ጥቁር የሱፍ ክሮች ተጣብቀዋል። አንገታቸው ላይ ማተባቸው አለ፤ ከማተቡ አጠገብ ቀጭን ሰንበር ይታያል። ከካፖርታቸው የቀኝ ኪስ የክፍሉ ቁልፍ ወጣ፤ የቆዳ ማንጠልጠያው ተበጥሷል።

«ቁልፉን የት ነበር የሚይዙት?»

«አንገታቸው ላይ። ለመታጠብ እንኳ አያወልቁትም።»

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«አንድ። እኔ ጋ ነው፤ ከኪሴ አልወጣም።»

አማከለች ማሽኑን ጠቆመች። «እንዲህ በሚሞቅ ክፍል ምድጃ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ማሽኑ እስከ አራት ሰዓት ጠፍቶ ነበር። አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ እያዩ እኔ ከመድረክ ሆኜ አስነሣሁት። ከዚያ በፊት ክፍሉ እንደ ውጪው ነው። ግን እሳት እንዳይገባ ነግሬያቸዋለሁ። ትናንት ስንሞክረው ‹ነገ የሱፍ ባናዬን እዚህ አደርቃለሁ› ብለው ቀልደውብኛል።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሌላም ነገር አለ» አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ማሽኑ ከተነሣበት ጀምሮ የክፍሉን ሙቀት በየደቂቃው ይጽፋል። አራት ሰዓት ላይ ስምንት ዲግሪ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ልክ እንደ ትናንቱ ሙከራ። ስድስት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት ደርሶ፣ በሩን ስንከፍት ወረደ።»

«በመሐል አልወረደም? አልዘለለም?»

«ምንም።»

አማከለች አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚህች ጠባብ ክፍል ሰው የሚገድል ከሰል ነዶ ቢሆን ኖሮ፣ አራት ሰዓት ላይ ስምንት ዲግሪ አይገኝም። ምድጃው እዚህ ጨርሶ አልነደደም።

«ይህ መዝገብ የተቀመጠው የት ነው?»

«እዚሁ፣ በዚሁ ሳጥን።»

«ተመስገን! አምና አንዲት የስልክ መረጃ ባሕር ማዶ ካለ ድርጅት ጠይቄ፣ መልሱን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት። «ያነበብሽልኝ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል? ጭስ አይደለም፤ ሰው ነው የገደላቸው። በሩ ተቆልፎ ነበር። የእሳቸው ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። የቀረው ያንቺ ነው።»

የትሕትና ፊት አመድ መሰለ። «ገብቶኛል።»

«ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዝም ብዬ እንዴት እቀብራቸዋለሁ?»

ወሬ ክንፍ አለው። አማከለች ከክፍሉ ስትወጣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ በኃይሉ አዳራሹ መሐል ቆመው ይጮኻሉ።

«ከጅምሩ ብያለሁ! የደብሩን ምስጢር ለሳጥንና ለልጅ አትስጡ ብያለሁ! ቁልፍ ያላት እሷ ናት፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?»

ሳጅን ተገኘ ወደ አማከለች ጆሮ ተጠጋ። «የፖሊስ አለቃችንም ደውለዋል። ባለ ቁልፏን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።»

ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ከአሥር።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች በላቸው» አለችና ወደ አቶ በኃይሉ ሄደች። «ሬሳው ሲገኝ እርስዎ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ምሳ ብለን ብንጠራቸው ዝም አሉ። ልጅቱ ከፈተች፤ እኔና መሪጌታ ይሥሐቅ ተከትለን ገባን። እሷ ጮኻ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። እኔ ጭሱ ነው ብዬ ምድጃውን በሁለት እጄ አንሥቼ ውጪ ጣልኩት።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ግራ እየገባቸው ዘረጉላት። መዳፋቸው ጥላሸት እንጂ የቃጠሎ ምልክት የለበትም።

«መሪጌታስ?»

«እሳቸውማ ሬሳው ላይ ወድቀው አለቀሱ። ከደብሩ ሰው ሁሉ ይቀራረቡ ነበር።»

ቀጥሎ ሉካስ የሚባለውን ቤልጂጋዊ አነጋገረች፤ ሰርቨሩን ያመጣው ኩባንያ ወኪል ነው። ጠዋት ከቄሰ ገበዙ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲነጋገር ተሰምቷል። በተሰባበረ አማርኛው አልካደም። «እኔ፣ አንድ ቅጂ ብራስልስ ይቀመጥ አልኩ። ለጥንቃቄ። እሳቸው ‹መረጃህ በቤትህ ብለህ ሰቅለህ፣ ቤቴን ብራስልስ አደረግኸው?› አሉኝ። ሳቅሁ። ልክ ናቸው።» ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት መድረኩ ላይ እንደነበረ ሁለት መቶ ሰው አይቶታል። ትሕትና ግን ከሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ቄሰ ገበዙ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ከታዩበት፣ እስከ አራት ሰዓት ከመድረኩ ሥር ገብታ ብቻዋን ሽቦ ስታያይዝ ነበር። ያያት የለም።

መሪጌታ ይሥሐቅ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በአገሩ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ትርኢቱን ለማድመቅ ዋናው የብራና መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ወጥቶ እሳቸው ዘንድ ተቀምጧል። መጽሐፉን ጥቁር ባና አልብሰውት፣ ራሳቸው በስስ ነጠላ ይንቀጠቀጣሉ።

«በዚህ ውርጭ ባናዎን ለመጽሐፍ?»

«ብራና ብርድ ይፈራል ልጄ።»

«ሰርቨሩን አይተውታል?»

«ያን ክፍል ሬሳው የተገኘ ጊዜ ካልሆነ ረግጬው አላውቅም። የሳጥን ነገር አይገባኝም።»

«ይህን መጽሐፍ የጠገኑት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «ቅጠል በቅጠል።»

አማከለች ወደ ትሕትና ተመለሰች። «ትናንት ሲሞከር ቄሰ ገበዝ ፎቶዎቹን አዩ?»

«አዩ። ባለ ፈረሱ ሰማዕት የተሳለበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አስመለሱኝ። ፈረሱ እግር ሥር ያለችውን የሰም ጠብታ አስጎልተው አዩና ‹ይህን ለማንም አትንገሪ› አሉኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሽማግሌዎቹ፣ ፈረንጆቹና አራቱ ተጠያቂዎች ነጩ ጨርቅ ፊት ተሰበሰቡ። ሳጅን ተገኘ የእጅ ሰንሰለቱን ይዞ ትሕትና አጠገብ ቆሟል። ልጅቱ ሁለት እጆቿን ከአሁኑ አጣምራቸዋለች። አማከለች ድምፅዋን ሳታነሣ ጀመረች።

«መንዝ ውስጥ ሰው መግደል የፈለገ ከሰልን ያሳብባል፤ ሁላችንም እናምነዋለንና። ይህኛው ግን አንድ ነገር አላወቀም። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጽፈው የክፍሉን ሙቀት ነው። ስምንት ዲግሪ! እሳት አልነበረም። ምድጃው ከዚህ አዳራሽ ከነአመዱ የተወሰደ ነው። ቄሰ ገበዝ በሱፍ ታፍነው ሞተዋል፤ ክሩ ጢማቸው ላይ አለ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሙቀቱ አንዴም ስላልወረደ በሩ አልተከፈተም። ስለዚህ ከአራት ሰዓት በፊት ተገድለው በሩ ተቆልፏል።»

«በማን ቁልፍ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«እሱን ልል ነው። ትሕትና የራሷ ቁልፍ አላት፤ ቆልፋ ብትሄድ የእሳቸውን መንካት አያስፈልጋትም፤ ቁልፋቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ይገኝ ነበር። የተገኘው ግን ተበጥሶ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሰንበሩም አንገታቸው ላይ አለ። የበጠሰው ቁልፍ ያልነበረው ሰው ነው። በእሱ ቆልፎ ሄደ፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ቁልፉን ኪሳቸው ለመክተት ወደ ሬሳው መመለስ ነበረበት።»

አማከለች ወደ አራቱ ዞረች።

«ሉካስ መድረክ ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ገቡ። ትሕትና ከበሩ ተመልሳ ሮጠች። የአቶ በኃይሉን ሁለት እጆች ምድጃው ይዟቸዋል። ከሬሳው ጋር ለብቻው የቀረ አንድ ሰው ነው፤ ወድቆ ያለቀሰው።»

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ይሥሐቅ ዞረ። አማከለች ባናውን ከመጽሐፉ ላይ አንሥታ ጫፉን ዘረጋችው፤ ጥቁሩ ሱፍ በደረቀ ደም ተጣብቋል። መጽሐፉን ባለ ፈረሱ ገጽ ላይ ከፈተችው።

«በአውሮፓው ፎቶ እዚህ የሰም ጠብታ አለ። እዚህ የለም። ቆዳው ከጎረቤቶቹ ይልቅ አዲስ ነው። መሪጌታ፣ ዋናው ቅጠል የት ሄደ?»

ሽማግሌው መሪጌታ አጠገባቸው ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀለም ደፋሁበት» አሉ። «ስጠግነው ክርኔ ብልቃጡን ነካው። ሦስት ወር ሙሉ ቆዳ ፍቄ፣ በአምሳያው ሣልኩት። ማንም አላወቀ። ሕዝቡ ተሳለመው፤ እኔን አመሰገነ። አንድ ቀን ዝም አልኩ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።»

«ቄሰ ገበዝስ ምን አሉዎት?»

«ዛሬ ጠዋት እዚያ ክፍል ለብቻዬ ጠሩኝ። ‹ቀለም እኮ ነው መሪጌታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራስዎ ይንገሩ፤ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ› አሉኝ። ለምኜአቸው ነበር። እምቢ ሲሉ አፋቸውን ብቻ ልዝጋ ብዬ...» እጃቸውን አዩት። «እጄን ሳነሣ ትንፋሽ የለም።»

አቶ በኃይሉ ትሕትናን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው፤ ባርኔጣቸውን እንደ ጨበጡ ቀሩ። ሳጅኑ ወደ ሽማግሌው ተራመደ።

«አንድ ጊዜ ልየው» አሉ መሪጌታ። «እውነተኛውን።»

ሰው ሁሉ ትሕትናን አየ። እኚህ ሰው እሷ እስር ቤት ስትገባ ዝም ሊሉ ነበር። አባት የሆኗትን ሰው ገድለዋል። ልጅቱ ጥላቻዋ ፊቷ ላይ በግልጽ እየታየ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ነካች።

ገጹ ነጩን ጨርቅ ሞላው። ቀይ ፈረስ፣ ቢጫ ጨረር፣ ከኮቴው ሥር ያቺ የሰም ጠብታ። ሽማግሌው ተነሥተው ተጠጉ፤ ጣታቸውን አነሡ፣ ሳይነኩትም መለሱት።

«ሳይጠፋ ኖሯል» አሉ። «ይኸው፣ ሳይጠፋ ኖሯል!»

አለቀሱ። ሬሳው ላይ ያለቀሱት ለታይታ ነበር፤ ይኸኛው ግን ለራሳቸው ነው። ትሕትናም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለ ቄሰ ገበዟ አለቀሰች።

ሳጅን ተገኘ ሰንሰለቱን ይዞ ቀረበ። አማከለች «ትንሽ ቆይ» አለችው፤ መሪጌታ ይሥሐቅ አይተው እስኪጨርሱም አጠገባቸው ቆመች።