የዘጠኝ ቁጥር አልጋ እስትንፋስ

አናጺው ሽማግሌ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ ሞተው የተገኙት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ የኦክስጅን ጭምብሉ ፊታቸው ላይ እንዳለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሐኪሙ ያን ጊዜ ሮጦ መጣ። ጥፋቱንም በሴት ልጃቸው ላይ ላከከ።

«ውሃ ላጠጣ ብላ ጭምብሉን አንስታለች።»

ምስኪን! አባቷን ማጣቷ ሳያንስ ገዳይ ተብላ ልትቀር ነው።

ሆስፒታሉ ነገሩን እንዲያጣሩ የጠራቸው ሴትዮ ከነርስነት ጡረታ የወጡ፣ ፊት አይተው የማያዳሉ ናቸው። መጀመሪያ ራስጌው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ የሟቹን ጉንጭ አዩ።

«ልጄ፣ ጠዋት እንዴት ነበሩ?»

«አባዬ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ ያለከልክ ነበር። ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ፀጥ አለ። ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው አልኩ።»

ሴትዮዋ የክፍሉን የክትትል ወረቀቶች በሙሉ ሰብስበው አገላበጡ። ከዚያ ሐኪሙን፣ የክፍሉን ተረኛ ነርስና ልጅቷን አልጋው አጠገብ አቆሙ።

«ውሃው አልተነካም፤ ብርጭቆው ሙሉ ነው። የጭምብሉ ገመድ ጉንጫቸው ላይ በጥልቀት ታትሟል፤ አልተነሳም። የሚያለከልክ በሽተኛ ድንገት ፀጥ ሲል ተሻለው አይባልም። መተንፈስ ደክሞት ነው። ወረቀቱ ግን እስትንፋሳቸው ሲያለከልኩም በደቂቃ ሃያ፣ ፀጥ ሲሉም ሃያ ይላል። የአምስት ቁጥሩ በሽተኛ ጠዋት ድኖ ቤቱ ገብቷል፤ በወረቀቱ ግን ስምንት ሰዓት ላይ እሱም ባዶ አልጋው ላይ ሃያ ጊዜ ተንፍሷል! ዶክተር፣ ነርሷ ቁጥሩን በስልክ ስትነግርዎ ምን አሉ?»

«ሃያ ከሆነ ደህና ነው... አልኩ።»

«ሲስተር፣ ቆጥረሻል?»

«እዚህ ቤት ማን ቆጥሮ ያውቃል? ስቀጠር ሃያ ጻፊ ያሉኝ ዶክተሩ ናቸው» አለች ነርሷ።

«አንቺ ነፃ ነሽ፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

ልጅቷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ሲስተር ስምንት ሰዓት ላይ መጥታ ነበር። ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው ብዬ ከበር የመለስኳት እኔ ነኝ።»

ነርሷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እስትንፋስ ለመቁጠር እኮ ሰው አይቀሰቀስም» አለቻት። «እሱን እንኳ ልነግርሽ ታከተኝ።»