አማካዩ የሸፈነው

ፕሮፌሰሩ የተገኙት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፊኛ ጋዝ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ተደግፈው ተቀምጠው ስለነበር ምክትላቸው ሲከፍተው ወደ ኋላ ተንጋለው እግሩ ሥር ወደቁ። ከአንዱ ሲሊንደር ጋዝ ሾልኮ ክፍሉን ሞልቶታል። ሽታም ቀለምም የለው፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና ሰውን እንደ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። አየር ሲያንስ የሚጮኸው ደወል ከሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«አደጋ ነው» አለ ምክትሉ። ሁሉም ተቀበለው።

ቀማሪዋ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። ያንን እፎይታ ራሷ ውስጥ ስታገኘው ደነገጠች። እኚህ ሰው እኮ ከተማሪነቷ ጀምሮ ያስተማሯት፣ ለሥራ ያበቋት ናቸው፤ ለሬሳቸው ከእንባ በፊት ያቀረበችላቸው ይህን ነው።

ተቋሙ የሚያጠናው ፀሐይን ማደብዘዝን ነው። በትልቅ ፊኛ ደቃቅ ብናኝ ወደ ሰማይ ጥግ ተወስዶ ቢበተን ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ይመልሳል፣ ምድርም ትበርዳለች። ነገሩ የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት በኮምፒውተር የምታሰላው እሷ ስለሆነች «ቀማሪዋ» አሏት፤ ስሙም ተለጠፈባት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ሥራው ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚለውን ሊወስን ተቀጥሯል። የሚወስነው የእሷን የዝናብ ካርታ አይቶ ነው። ካርታው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡ የትም አይጎድልም ይላል።

ስሌቱን ግን አሥር ጊዜ ነበር ያስኬደችው። በሰባቱ የቆላው ዝናብ በሲሶ ቀነሰ፤ ካርታው ላይም ቆላው ቀይ ሆነ። ያኔ ምክትሉ ከኋላዋ ቆሞ «አንዲት ቀይ ነጥብ ካዩ ጠቅላላውን ይጥሉታል። ቆላውን ከደጋው ጋር ደምረሽ አማካዩን ውሰጂ» አላት። አማካዩን ወሰደች፤ ቀዩም ጠፋ። ውሸት አልጻፍኩም እያለች ስድስት ወር ራሷን ስትደልል ከረመች።

ፕሮፌሰሩ ትናንት የአሥሩን ስሌት ወረቀት አስመጥተው አንድ በአንድ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ምክር ቤቱ ፊት አንቺ ትናገሪያለሽ ወይስ እኔ ልናገር?» አሏት። ወረቀቶቹን መልሳ መደርደር ጀመረች። «እንግዲያው እኔ እናገራለሁ» ብለው ወጡ።

መርማሪው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ጡረታ የቀረባቸው፣ ደረጃ ሲወጡ በየእርከኑ የሚያርፉ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ቀስ በቀስ» ይሏቸዋል፤ እንቁላሉ በእግሩ መሄዱ እንደማይቀር ግን ሁሉም ያውቃል። ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው ብዙ ቆዩ። የሟቹ የጣት አንጓዎች ተልጠዋል። በበሩ ውስጠኛ ቀለም ላይ ደግሞ ደም የነካካቸው የድብደባ ምልክቶች አሉ።

«መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ብቻ ነው?»

«አዎ» አለ ምክትሉ። «እኔ ስመጣ ግን አልተቀረቀረም ነበር።»

«ያልተቀረቀረ በር የሚደበድብ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ መርማሪው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ። «ተቀርቅሮባቸው ነበር። የቀረቀረው ሰው ተመልሶ ከፈተው።»

ዘበኛው በሁለት ሰዓት ከገቡት ከአራቱ ሠራተኞች በቀር ማንም አለመግባቱን፣ እሱም ከግቢው በር አለመነቃነቁን ተናገረ። አንዱ ሞቷል፤ ሦስቱ ቀሩ።

ምክትሉ ጥያቄውን በንቀት መለሰ። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሰዓት ከሩብ እስኪሆን ከምክር ቤቱ ጸሐፊ ጋር በስልክ ነበርኩ። ይጠይቋት። ከሟቹ ጋር አንስማማም ነበር፣ አልደብቅም። ምድር እየነደደች ሰው ቁጭ ብሎ ያጠናል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው እኮ!»

ጸሐፊዋ አረጋገጠች።

ቴክኒሻኑ ፊቱ በእንባ ርሷል። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ፊኛ በእጁ ሲሰፋና ሲለጥፍ የኖረ፣ ሲስቅ ግቢውን የሚሞላ ሰው ነው። «አባቴ ነበሩ» አለ። «እኔ ጣራ ላይ ነበርኩ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት። የብርሃን መለኪያውን መስታወት ጠረግኩ። ትናንት ማታ አቧራ ነፍሶ ነበር። አቧራ ሲይዘው ፀሐይቱን አሳንሶ ያነባታል።»

መርማሪው እያረፉ ጣራው ላይ ወጡ፤ መስታወቱን በጣታቸው ነኩት። ንጹሕ ነው።

ቀማሪዋ ተራዋ ሲደርስ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«የት ነበርሽ፣ ልጄ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።»

«ትናንት ምን አሉሽ?»

«ስለ ሥራ ነው የተነጋገርነው።»

መርማሪው ያችን መልስ እንዳለች ጻፏትና ቀና ብለው አዩዋት። እሷ መስኮቱን አየች።

«መለኪያው የዛሬውን ብርሃን መዝግቧል አይደል? አምጪልኝ።»

አንድ ቁጥር የሰፈረባት ወረቀት አመጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እስካሁን ያለው አማካይ ነው፣ ጋሼ።»

«አማካዩን አይደለም። የየደቂቃውን።»

«እሱን እኮ ማንም አይቶት አያውቅም» አለች።

«እኔ ልየዋ።»

አትማ፣ ሳታየው አጥፋ ሰጠቻቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቧቸው። አረንጓዴው ካርታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መርማሪው ወረቀቱን ዘርግተው ቀማሪዋን ጠሯት።

«እኔ መሃይም ነኝ፤ አንቺ አንብቢልኝ። አቧራ የያዘ መስታወት ሲጠረግ መስመሩ ምን ይሆናል?»

«ጨርቁ ሲሸፍነው ይወርዳል። ከዚያ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይቀጥላል።»

«ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ባለው ጊዜ አሳዪኝ።»

ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች። የወረደም የዘለለም የለም፤ ፀሐይዋ እየወጣች ስትሄድ መስመሩም ቀስ እያለ ይወጣል። ጣቷ ወደ ፊት ሄዶ መስመሩ ወርዶ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ቆመ።

«አራት ሰዓት ከአሥር» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«ሬሳው ከተገኘ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መሆኑ ነው» አሉ መርማሪው። «ምክትሉን ስልኩ አወጣው። ይህችን ልጅ የት ነበርሽ ብላት ምስክር የሌለው መልስ ሰጠችኝ፤ ሰበብ ያዘጋጀ ሰው እንዲያ አይመልስም። ጣራ ላይ ነበርኩ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ኋላ ወጥቶ የጠረገው መስታወቱ ቆሽሾ እንዳይገኝበት ነው። የየደቂቃውን የሚያይ አይኖርም፣ አማካዩ ይሸፍነኛል ብሎ ነው።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። «ሲሊንደሩ ጋ የጠራሃቸው ምን ብለህ ነው?»

ቴክኒሻኑ ብዙ አልታገለም።

«የግፊት መለኪያውን ይዩልኝ ብዬ። ሲገቡ ‹ዛሬ ለምክር ቤቱ ሥራው ይቅር ልል ነው› አሉኝ። ቀረቀርኩባቸው። ጠዋት ለምክር ቤቱ ገለጻ እንዲያደርጉ መኪናው በሦስት ሰዓት ሊወስዳቸው ነበር፤ ቢያመልጣቸው ምክትሉ ይሄዳል ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ። ደወሉን በሳምንቱ መጀመሪያ እኔው ነቅዬዋለሁ፣ በባዶ እየጮኸ ሲያስቸግረኝ። ሲደበድቡ ሰምቻለሁ። ዝም ሲሉ ተቆጥተው የተቀመጡ መሰለኝ፤ ሲሊንደሩ እንደሚያፈስ አላወቅኩም። ሦስት ሰዓት ሲያልፍ መቀርቀሪያውን ሳብኩና በሩን ሳልከፍት ሄድኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ወንድሜን ሙቀቱ እርሻው መሀል ነው የጣለው። እናቴ እዚያው ቆላ ናት። እንዴት ሥራው ይቅር ይላሉ?» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ይኸው ሁሉም አረንጓዴ ነው!»

ቀማሪዋ ካርታውን አየች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሰውዬው ሞተዋል፣ ገዳዩ ተይዟል፣ ካርታው በዘጠኝ ሰዓት ይቀርባል። ምክትሉ ከማዶ ሆኖ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

መርማሪው ማስታወሻቸውን ሳይዘጉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ።

«አረንጓዴ አይደለም» አለች።

«አንቺ!» አለ ምክትሉ።

«ቆላውን ከደጋው ጋር ደባልቄ ነው። እሱ አዘዘኝ፣ እኔ ሠራሁት። ለብቻው ሲታይ ከአሥሩ በሰባቱ ዝናቡ ይቀንሳል። ፕሮፌሰሩ ሊናገሩ የነበረው ይህንን ነው።»

ቴክኒሻኑ ከወንበሩ ተነስቶ ካርታው ሥር ቆመ። አልከለከሉትም።

«የእናቴ አገር የት ጋ ነው?»

ቀማሪዋ ጣቷን አስቀመጠች። ቦታው ከደረቱ ትይዩ ነበር። እሱም በጣቱ ነካው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ስድስት ወር ይሆነዋል።»

«ስድስት ወር» አለ። ድምጹ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። «በየቀኑ ምሳ አብረን ስንበላ። ስለ እናቴ ስነግርሽ።»

ቢሮዋ ገብታ አሥሩን ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ግቢው በር ሄደች። ምክር ቤቱ ሊቀመጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር። ለመኪና አልጠበቀችም፤ ወደ ምክር ቤቱ በእግሯ ወጣች።