የርቢ ጊደር

ቦቃ አራት እግሯን መሬት ላይ ተክላ አልሄድም አለች። ደባልቄ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ቢጎትት ጊደሯ አንገቷን ብቻ አስረዘመችለት።

«ብሩኬ! ነይ እንጂ ከፊቷ ሂጂ! ያለ አንቺ እንደማትንቀሳቀስ እያወቅሽ!»

ብሩክታይት በረቱ በር ላይ ቁጭ ብላ የሸራ ጫማዋን ክር ታስራለች፤ መልሳ ትፈታለች። ባጃጁን የሚሸጠው አንለይ «ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ቀብዱን ካልሞላህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏል። አባቷ ሁለቱን በሬዎች ሸጧል። ሞፈርና ቀንበሩ ሥራ ፈትተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ለመሸጥ የቀረችው ቦቃ ናት።

ቦቃ ደግሞ ግማሿ የእነሱ አይደለችም። እናቷን ለርቢ የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው እትዬ ኢቲዳል ናት። ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የምትለው። «ላም የኔ ነው፤ ማብላት ማጠጣት ያንተ ነው። የወለደው እኩል እኩል፤ ወላሂ!» ብላ መዳፏን የመታችው ከደባልቄ ጋር አልነበረም፤ ከብሩክታይት ጋር ነበር። አሁን የወለደች ልጇን ልታርስ ወደ መንጌ መንገድ ሄዳለች፤ ስልኳም አይሠራም።

«አባዬ፣ ሳንነግራት?»

«ስትመጣ ግማሹን እሰጣታለሁ አልኩሽ።»

«ሄደን ብንጠይቃትስ? ሩቅ አይደለም።»

«እምቢ ብትለኝስ?» አለና ፊቱን አዞረ።

ብሩክታይት ተነሥታ ከፊት ቀደመች። ቦቃ ወዲያው ተከተለቻት፤ ደባልቄ ገመዱን ይዞ ከኋላ። ባጃጁን እሷም ትፈልገዋለች። ትናንት ክፍል ውስጥ ለጓደኛዋ «ፈታ በይ ጋዲሴ፣ የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው» ብላ ጉራዋን ነዝታለች። ሰኞ ምን ልትል ነው?

መንገድ ላይ አባቷ የተለመደውን ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት የዳበሳ አይሱዙ ላይ ረዳት ነበር። ደሞዙን በጠየቀ ቁጥር «መኪናው ላይ ድርሻ አለህ» ይባላል። ለእናቱ ለቅሶ ወሎ ደርሶ ሲመለስ መኪናው ተሸጧል። ይህን ታሪክ ዶሮዎቹም ሳያውቁት አይቀሩም። ዳበሳ ዛሬ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የፊት ወንበር ይሳብለታል፤ ደባልቄ በር ላይ ይቆማል። ሰው እንዲህ ነው፤ የበላውን ያከብራል፣ በተበላው ይስቃል።

«ቆይ ብቻ! ደጁ ላይ ቆሜ ነው ክላክስ የምነፋበት። ዘጠኝ ዓመት ‹ውረድ፣ ግፋ› ሲለኝ የኖረ ሰውዬ!»

«አባዬ...»

«ምን?»

«ዳበሳ መኪናውን ሸጦ ምን ነበር ያለህ?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ‹ስትመጣ ልሰጥህ ብዬ ነው› አለኛ! ሌባ!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ እጁ ላይ የጠመጠመውን ገመድ ፈትቶ መልሶ ጠመጠመው።

መገንጠያው ደረሱ። በቀኝ የከብት ተራው አቧራ ይታያል፤ በግራ የመንጌ መንገድ። ቦቃ ቆማ የብሩክታይትን እግር ታያለች። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ወደ ግራ ከሄዱ ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ እያሉ ይሞላል፤ አንለይም አይጠብቅም። እትዬ ኢቲዳልም እሺ ማለቷን ማን ያውቃል?

ብሩክታይት ወደ ግራ ተራመደች። ቦቃ ተከተለቻት።

«ብሩክታይት!»

ሙሉ ስሟን የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው። ገመዱ አባቷ እጅ ላይ ነው፤ አንዴ ሳብ ቢያደርገው ቦቃ ትቆማለች።

ብሩክታይት ገመዱ አሁን ይወጠራል ብላ እየጠበቀች፣ ሳትዞር፣ ወደፊት ተራመደች።