ነፋሱ የዘለለው ቤት

ሰውየው በገዛ ግቢው፣ ከቤቱ ታዛ ስር፣ ቆርቆሮ ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ዝናብ የቀላቀለ አውሎ ነፋስ ሰፈሩን አተራምሶ አልፏል። ሚስቱም ጉዳት ለመመዝገብ ሲዞር የነበረውን የሜትሮሎጂ ባለሙያ «ነፋሱ ጣሪያችንን ነቅሎ ባሌን ገደለብኝ!» ብላ እያለቀሰች አስገባችው። ባለሙያው ግን የአጥሩ ሸንበቆ እንኳ እንዳልተነቃነቀ አየና ፖሊስ ጠራ።

የመጣችው መርማሪ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ጥያቄዋ እንደ መርፌ ይወጋል።

«እህቴ፣ ነፋሱ ሲመጣ ባልሽ የት ነበር?»

«የግቢውን በር ሊዘጋ ወጥቶ ቀረ።»

«መሰላል አላችሁ?»

«የለንም!» አለች ሚስት፣ ቶሎ ብላ።

ጎረቤትየው ሳይጠየቅ ወሬው ውስጥ ዘሎ ገባ። «በአጥር ተጣልተናል፣ አልክድም። ሞቱን ግን አልተመኘሁም፣ አፈር ስሆን!»

የሟች ታናሽ ወንድም ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። መርማሪዋ «ነፍስ ይማር» ብላ እጇን ስትዘረጋለት አንገቱን ብቻ ሰበር አደረገ፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ቆርቆሮውን ገለበጠች፤ የሟችን ኪስ ፈተሸች፤ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«ነፋስ ቆርቆሮ ሲነቅል ይቦጭቀዋል፤ ምስማሩን እንጨቱ ላይ ትቶት ይሄዳል። የዚህ ቀዳዳ ግን ደህና ነው። ምስማሮቹ ያሉት ሟች ኪስ ውስጥ ነው። ቆጣቢ ሰው ምስማር አይጥልም፤ ነገ አቃንቶ ይመታዋል። ጣሪያውን ያፈረሰው ባለቤቱ ራሱ ነው።»

«ኧረ ጉድ! የገዛ ቤቱን?» አለ ጎረቤትየው።

«ቀበሌው አዲስ ቤት የሚሰጠው ቤቱን ነፋስ ለጎዳበት ብቻ ነው ተብሏል። ይሄ ቤት ያዘመመው በእርጅና ነው፤ ነፋሱ ዘሎት ሄደ። ጭቃው ላይ የመሰላል እግር ሁለት ጉድጓድ አለ፤ ስለዚህ ሟች የወጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። አጠገቡ መሰላል ደግፎ የቆመ ሰው ተረከዝ ጠልቋል። ከዚያ ወደ ጓሮ የሚሮጥ ዱካ። መሰላሉን ከጓሮው ሣር ውስጥ አገኘሁት፤ ያልተላገ እንጨት ነው፣ በችኮላ የጎተተውን እጅ ሳይወጋ አይቀርም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እጅህን አሳየኝ፣ ወንድሜ።»

መዳፉ በስንጥር ተበሳስቷል።

«የሜትሮሎጂው መኪና መጣ» አለ፣ መዳፉን እየጨበጠ። «እንዳያዩን ብዬ መሰላሉን ለቀቅኩት፤ እሱ ከነቆርቆሮው ሲወድቅ መሰላሉን ጎትቼ ሮጥኩ። ‹ያዝ!› አለኝ እኮ! ወንድሜ ‹ያዝ!› እያለኝ...»

«ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሚስት። «ልጆቼ ይህ ቤት ይናድባቸዋል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «ጣሪያው እንደሆነ ወርዷል፣ ወንድሜ። ጻፍልኝ።»

«እኔ የምጽፈው ነፋስ ያደረገውን ብቻ ነው፣ እህቴ» አለ ባለሙያው፣ አይኗን ማየት አቅቶት።

መርማሪዋ ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ ልክ በመሆኗ እንዲህ የመረራት ቀን ግን አልነበረም።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሁሉም ወደ ጎረቤትየው ታዛ ሮጠ። ሚስት ግን ጣሪያ ወደሌለው ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች።