እናቷ የምታዳምጠው እንስራ

ቃሪቦው ተበላሸ። ያበላሸችው ዘሊካ ናት፤ እንግዶቹ ደግሞ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይደርሳሉ።

ቃሪቦ ከገብስ የሚሠራ የማያሰክር መጠጥ ነው። የዛሬው ግን የጠላ ሽታ አለው። ዘሊካ ቀምሳ እንዳታረጋግጥ ሐራም ነው። ስለዚህ ጎረቤቷንና የክፍል ጓደኛዋን ሐረግን ጠራቻት። የሐረግ እናት ጠላ ጠማቂ ናቸው።

ሐረግ በጣሳ ቀድታ ተጎነጨች። ዐይኗን ጨፈነች። ደገመች።

«ኧረ በቃ! ቅመሺ እንጂ ጠጪ መች አልኩሽ?»

«ወላሂ ከእማዬ ጠላ ይሻላል! ሸህ ጀብሪል ይሄን ጠጥተው ቤታቸው መግባታቸውን እንጃ።»

ዘሊካ መሳቅ አቃታት። ታናሽ ወንድሟ ሱሌማን ቁርኣን ስለጨረሰ አባቷ መምህሩን ሸህ ጀብሪልን ከነደረሶቻቸው ጋብዘዋል። እናቷ ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ተሳፍራ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ወደ አቀስታ ከተማ ሄዳለች። «ትምህርት ቤት ብውልም የቤት ሙያ አይቀርብኝም» ብላ ለአባቷ ቃል የገባችው ራሷ ዘሊካ ናት። ስምንተኛ ክፍል የገባችውም በዚያ ቃል ነው።

የእናቷን አሠራር የጻፈችበትን፣ የጃንሆይ ምስል ያለበትን ደብተሯን ገለጠች። ገብሱን የቆላችው እንደጻፈችው ነው፤ ያፈላችውም፣ ያጣራችውም እንደዚያው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የሳተችው?

«ስንት ቀን አስቀመጥሽው?» አለች ሐረግ።

«ሁለት። እንዳይበርደው ብዬ ምድጃው አጠገብ።»

«እናትሽስ ስንት ቀን ያቆዩታል?»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። «ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላ እናቷን ጠይቃት ነበር። «የምን ሰዓት? ጆሮዬን ጥዬ አዳምጠዋለሁ፤ ማንሾካሾክ ሲጀምር አነሳዋለሁ» አለቻት። ዘሊካ ይህን አልጻፈችውም። መለኪያ አልመሰላትም።

ተንበርክካ ጆሮዋን እንስራው ላይ ለጠፈች። ውስጡ ሹክሹክታ የለም፤ የገበያ ቀን ሆኗል። ትናንት ጠዋት ምን ይል ኖሯል? እናቷስ ይህን ማን አስተማራት?

«ስኳር ጨምሪበትና ዝም በይ» አለች ሐረግ። «አባትሽ ካወቁ ከትምህርት ቤት ያስቀሩሻል።»

«ሸሁን አታልዬ ሐራም ላጠጣቸው?»

«እና ምን ልትዪ ነው?»

«ቃሪቦ መሥራት እንደማላውቅ እነግራቸዋለሁ።» ጆሮዋን ከእንስራው አላነሳችም። «ስሚ፣ እናትሽ ሲጠምቁ መጥቼ ባዳምጥ ይቆጡኛል?»

«የኛን ጋን? የኛማ ይጮሃል!»

ከግቢው በር የአባቷ ሳል ተሰማ። ሐረግ ጣሳዋን እንደገና ስትዘረጋ ዘሊካ ነጠቀቻትና እየገፋች አስወጣቻት። እሷም ወጣች። ወደ አባቷ ከመሄዷ በፊት፣ ማንም ገብቶ እንዳይቀዳ የማድቤቱን በር ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።