የተሰረዘችው አራት

ፕሮፌሰሩን ሰኞ ጠዋት ያገኛቸው የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነው። የቀዝቃዛውን ክፍል በር ሲከፍት ሽማግሌው ከዘር ብልቃጦቻቸው ሥር በጎናቸው ተኝተዋል፤ መነጽራቸው እንኳ ከአፍንጫቸው አልወረደም። ቁስል የለም፤ የትግል ምልክት የለም። በሩ ከውስጥ በግፊት የሚከፈት ስለሆነ ማንም አልቆለፈባቸውም።

መርማሪው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው፣ ጉልበቱ ደረጃ የሚጠላ፣ እንቅልፍ የጠገበበትን ቀን የረሳ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነውና።

«አየር አጥተው ነው የሞቱት» አለው ሐኪሙ። «ጥግ ላይ ያለውን ሳጥን እየው፤ ደረቅ በረዶ ነበረበት። ደረቅ በረዶ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ሆኖ ይበንና የሚተነፈሰውን አየር ያባርራል። ማራገቢያው ደግሞ ከተበላሸ ወር አልፎታል።»

«በስህተት የተቀመጠ ይሆን?»

«እዚህ ቤት? ጀማሪ ተማሪ እንኳ ይህን አይሳሳትም።»

ሽማግሌው ዘወትር ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ብቻቸውን መጥተው ዘሮቻቸውን እንደሚያዩ ሁሉም ያውቃል። ከእሳቸው ሌላ የላቦራቶሪው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቴክኒሻኑ፣ ረዳት መምህሩና አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ።

የኮሌጁ ዲን ጣቷን ወደ ተማሪዋ ለመቀሰር ጊዜ አልፈጀባትም። «ለክረምቱ የምርምር መርሃ ግብር አመልካች ናት። አሥር ሳምንት፣ ወጪዋ ተሸፍኖ፣ በአማካሪ መምህር ሥር። ከአንድ ላቦራቶሪ አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚላከው፤ ማመልከቻው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አርብ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሲጯጯሁ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። ፖሊስ የሚጠረጥራትን ልጅ ማመልከቻ እኔ አልልክም።»

ተማሪዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«አርብ ምን ሆናችሁ ልጄ?»

«ፕሮፍ ‹ከዚህ ጥናት ጋር አንድ የሆነ ሌላ ማመልከቻ ደርሶኛል፤ ከማን ሰረቅሽው?› አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘር ስቆጥር ዓይኔ የጠፋው እኔ፣ ሌባ!»

«አንቺስ?»

«‹ፊርማዎን ይብሉት!› ብያቸው ወጣሁ። ምነው አፌን በቆረጠው ኖሮ!»

«ለከርሞ አታመለክችም?»

«የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አይቀበሉም። ወንድሜ ጋራዥ አለው፤ ‹ይብቃሽ፣ ነይና ስልክ አንሺልኝ› ይለኛል። ይኼው፣ ወደዚያው ነኝ።»

መርማሪው ተነስቶ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄደ።

ከበሩ ውጭ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተሰቅሏል። ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ከሰዓት አራት፣ እንደገና አራት። የቅዳሜ ከሰዓቷ አራት ግን በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ተሰርዛ ከጎኗ «0» ተጽፏል።

«ቅዳሜና እሁድ መጥተሃል?» አለው ቴክኒሻኑን።

የሰውዬው ግንባር በላብ ወረዛ። «ጋሼ፣ ምን ልዋሽዎት። እናቴ ሆስፒታል ናት፤ ሁለቱንም ቀን ከአልጋዋ አልተለየሁም። አርብ ስወጣ ‹አራት፣ አራት› ብዬ ሞልቼ ሄድኩ። ሁሌም አራት ነዋ!»

«ይቺን ማን ሰረዛት?»

«እኔ አይደለሁም። አሰራረዙ ግን የኛ ቤት ነው። እዚህ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። ፕሮፍ ለዚህች ነገር ነፍሳቸው ነበር የምትወጣው።»

ሆስፒታሉ በስልክ ቃሉን አረጋገጠለት። መርማሪው ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለው ክብ መለኪያ ሁለት ቀስት አለው፤ ጥቁሩ የአሁኑን ያሳያል፣ ቀዩ ሰው እስኪመልሰው ድረስ ሙቀቱ በወረደባት ዝቅተኛዋ ነጥብ ላይ ቆሞ ይቀራል። ቀዩ ሁለት ላይ ቆሟል። ወረቀቱ ዜሮ ይላል፣ መለኪያው ሁለት። ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ሲያየው ቆየ።

ረዳት መምህሩ ልብሱ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ነው።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ከአርብ ወዲህ ያንን ክፍል አልረገጥኩም።»

«አርብስ?»

«ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሙቀት መለኪያዎቹን ስፈትሽ ነበር፤ ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚርቁ። ደብተሬ ላይ አለ፣ ይመልከቱ።»

በዚህ ቤት ፕሮፌሰሩ ያላዩት ገጽ አይታለፍም፤ ካዩት በኋላ ሥሩ ላይ ይፈርማሉ። የአርብ ገጽ ፊርማ የለባትም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበ። እሱ ብቻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቀስ በሉ፣ አንድ በአንድ እንሂድ። ቅዳሜ አንድ ሰው ደረቅ በረዶውን አስገባ። ሽማግሌው ሳይመጡ በረዶው መትነኑን ሊያረጋግጥ ተመለሰ፤ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ መለኪያውን አየና ወጣ። ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የውሸት አራት አገኘ። አልፏት መሄድ ነበረበት። ግን ዕድሜ ልኩን ‹የተሳሳተ ቁጥር አትተው› ሲባል የኖረ እጅ ነው፤ ሰረዛትና አስተካከላት።»

«ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አርመውት ቢሆንስ?» አለች ዲኗ።

«መለኪያው ከሁለት በታች ወርዶ አያውቅም። የጻፈው ግን ዜሮ አለ። ስለዚህ ሁለት መቀነስ እንዳለበት ያውቃል።» ደብተሩን ገለጠ። «‹የቀዝቃዛው ክፍል መለኪያ ሁለት ዲግሪ አብዝቶ ያነባል።› አርብ የተጻፈ ነው። ቴክኒሻኑና ተማሪዋ ወጥተው ነበር። ፕሮፌሰሩም አላዩትም፤ ቢያዩት ይፈርሙበት ነበር። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መርማሪው ወደ ረዳት መምህሩ ዞረ።

«የገደሉበት ምክንያትም ከፕሮፌሰሩ መሳቢያ ተገኝቷል። ያ ሌላው ማመልከቻ የእርስዎ የእህት ልጅ ነው፤ ጥናቱን ከዚህች ልጅ ደብተር ገልብጠው የጻፉለት እርስዎ ነዎት። ሽማግሌው አርብ ማታ ደብተሯን አገላብጠው የራሳቸውን የሁለት ዓመት ፊርማ አዩ።»

«ደወሉልኝ» አለ ረዳት መምህሩ፣ ድምፁ አልቆ። «‹ሰኞ ለዲኗ እነግራታለሁ› አሉኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ስሜ… እህቴን ምን ልበላት?» ከዚያ ወረቀቱን አየት አደረገ። «አራት አልነበረማ። ስህተት ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቷል።

ዲኗ ግንባሯን ያዘች። «አማካሪ መምህር የሌለው ማመልከቻ አይቀበሉም። አንዱ ሞቱ፣ ሌላው ይኼው…»

ተማሪዋ ቦርሳዋን አነሳች።

«ቀስ በይ» አለ መርማሪው። ከሟቹ ኮት ኪስ የተገኘ ደብዳቤ አወጣ። «የድጋፍ ደብዳቤሽ ነው፤ ፈርመውበታል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ ‹እንዳልረሳ፤ ሰኞ ጠዋት ይህን ከመስጠቴ በፊት ሌባ ስላልኳት ይቅርታ እጠይቃታለሁ› ይላል።»

ዲኗ እስክሪብቶ አነሳች። «ከላቦራቶሪ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዘር ከጠጠር መለየቴን እንኳ እግዜር ይወቅ። ነይ፣ በአማካሪው ቦታ የእኔን ስም አስገቢ።»

ማመልከቻው ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ተላከ። ተማሪዋ አልተደሰተችም። ደብዳቤውን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እኔም እኮ ለዛሬ ነበር ያሰብኩት» አለች። «ጠዋት ቀድሜያቸው መጥቼ ይቅርታ ልላቸው ነበር።»

መርማሪው የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ።